ለሰርቮ ሞተር የትኛው ቦርድ ይሻላል? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ! ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፤ ቦርድ (ሞተርና መሰል ነገር የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እጠግናለሁ፣ የተማሪዎችን ፕሮጀክትም አያለሁ። ሰሞኑን የሰርቮ (የታዘዘበት አንግል ላይ ሄዶ የሚቆም ሞተር) ጥያቄ በዛብኝ፤ እስቲ ሁሉንም እዚህ ጠይቁኝ አልኩ።

ጥ፦ ሰላም ወንድሜ፣ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። አንድ ኤስጂ90 የተባለች ትንሽ ሰርቮ ለማዞር አርዱይኖ ኡኖ ቦርድ ይበቃል ወይስ ኢኤስፒ32 የሚባለውን ልግዛ?

መ፦ ኡኖ ካለህ ብርህን አታባክን። ሰርቮ ከቦርዱ የሚፈልገው በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፐልስ (አጭር የኤሌክትሪክ ምት) ነው፣ በቃ። ፐልሱ 1.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲሆን ሰርቮው መሃል ላይ ይቆማል፤ ሲያጥር ወደ አንድ ጎን፣ ሲረዝም ወደ ሌላው ይዞራል። ይቺን ኡኖ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራታል። ኢኤስፒ32 የምትገዛው ሰርቮውን ከስልክህ በዋይፋይ ወይም በብሉቱዝ ልታዘው ካሰብክ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፦ ኡኖ ላይ የሰርቮ ላይብረሪውን (ሰርቮ ለማዘዝ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ኮድ) ስትጠቀም ፒን 9 እና 10 ላይ አናሎግራይት የሚባለው ትእዛዝ አይሠራም፣ ሰርቮውን ሌላ ፒን ላይ ብትሰካውም እንኳ። በዚህ ምክንያት ደህናውን ቦርድ "ተቃጥሏል" ብሎ የሚያመጣልኝ ሰው ብዙ ነው።

ጥ፦ ከደሴ ነኝ። ኤምጂ996አር ሰርቮዬ ሲነሳ ኡኖው ጠፍቶ ይበራል። ጠንከር ያለ ማይክሮኮንትሮለር (ኮዱን የሚያስኬደው ቺፕ) ያለው ቦርድ ልግዛ?

መ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ቦርዱ ምንም አልሆነም። ሌላ ብትገዢም ያው ነው። ኤምጂ996አር ጭነት አንቆ ሲይዘው እስከ 2.5 አምፔር ይስባል፤ የኮምፒውተር ዩኤስቢ ደግሞ በተለምዶ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው። ስለዚህ ሰርቮው ሲነሳ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቺፑም ሪሴት ያደርጋል። ሰርቮውን ከቦርዱ 5 ቮልት ፒን ንቀዪውና 5 ወይም 6 ቮልት፣ ቢያንስ 3 አምፔር የሚሰጥ የራሱ ፓወር ሰፕላይ አድርጊለት። ቀዩ ሽቦ ፖዘቲቭ ላይ፣ ቡናማው ኔጋቲቭ ላይ፣ ብርቱካናማው የቦርዱ ፒን ላይ ይገባል። ከዚያ የፓወር ሰፕላዩን ኔጋቲቭ ከቦርዱ ግራውንድ (ጂኤንዲ ከሚለው ፒን) ጋር በሽቦ አገናኚው። እሷ ሽቦ ከተረሳች ሰርቮው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ሰርቮው አጠገብ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ብትጨምሪ ጥሩ ነው፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ግን እንዳታገላብጪ። ቀጫጭን ጃምፐር ሽቦም ቮልት ይበላል። ለማረጋገጥ ቴስተሩን ቀዩና ቡናማው ሽቦ ላይ አድርጊና ሰርቮውን እያዞርሽ ቮልቱን እዪ። ከ4.8 በታች ከወረደ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው።

ጥ፦ ልጄ፣ የእንቁላል ማስፈልፈያ እየሠራሁ ነው። ትሪውን በሰርቮ ላዘነብል አስቤያለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን እንዳይወረውረው ፈራሁ። ምን ዓይነት ቦርድ ልያዝ?

መ፦ ጋሼ፣ አርዱይኖ ናኖ ይበቃዎታል። ቺፑ የኡኖው ነው፣ ቦርዱ ብቻ አነስ ይላል። ፍርሃትዎ ግን ልክ ነው። መብራት ሲመጣ ቦርዱ ሰርቮው የት እንደቆመ አያውቅም፤ ካልነገሩት ላይብረሪው በአንዴ ወደ መሃል ይወስደዋል። መፍትሔው ትሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የመጨረሻውን አንግል ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም የማይረሳው የቺፑ ማህደር) ላይ መጻፍ ነው። ሲነሳ ኮዱ መጀመሪያ ያንን አንግል አንብቦ "ራይት" (አንግሉን የሚሰጠው ትእዛዝ) ይበል፣ "አታች" (ሰርቮውን ከፒኑ የሚያገናኘው ትእዛዝ) ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከዚያ ወዲያ አንድ አንድ ዲግሪ እያለ ቀስ ብሎ ይሂድ። ኢኢፕሮሙ 100,000 ጊዜ መጻፍ ስለሚችል በቀን ጥቂት ጊዜ ለሚያዘነብል ትሪ ሐሳብ አይግባዎት።

ጉልበቱንም ያስሉት። ኤምጂ996አር በ6 ቮልት 11 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር ገደማ ነው ይላሉ፤ ከዘንጉ 10 ሴንቲሜትር ርቆ ሲይዝ 1.1 ኪሎ ብቻ ማለት ነው። እሱም አቅሙ የሚያልቅበት ጣሪያ ስለሆነ ግማሹን ይቁጠሩ። 30 እንቁላል ብቻውን 1.5 ኪሎ ገደማ ነው! ስለዚህ ትሪውን ጫፉ ላይ ሳይሆን መሃሉ ላይ ያንጠልጥሉት፣ ሁለቱ ጎን ይመጣጠናል፣ ሰርቮውም አይደክምም። ቦርዱን ከሳጥኑ ውጭ ያድርጉት፣ እርጥበቱ ይጎዳዋል።

ጥ፦ የኢኤስፒ32 ሲግናል 3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልቱ ሰርቮ ይሰማዋል?

መ፦ አብዛኛው ሰርቮ ይሰማዋል። የሰርቮውን ኃይል ግን ከ3.3 ፒን እንዳትወስድ።

ጥ፦ ባለ 6 ሰርቮ የሮቦት ክንድ ነው። ኡኖ ወይስ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የሚባለው ቦርድ?

መ፦ ሁለቱም ይችላሉ። የኡኖ ላይብረሪ እስከ 12 ሰርቮ ይይዛል፣ ፒኮ 16 የፒደብልዩኤም (ፐልስ የሚያወጣ) ቻናል አለው። የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ከለመድክ ፒኮን ያዝ። እኔ ግን ፒሲኤ9685 የምትባለውን ሰሌዳ እጨምርበት ነበር፦ በሁለት የሲግናል ሽቦ ብቻ 16 ሰርቮ ታዛለች፣ የሰርቮዎቹም ኃይል ለብቻው ይገባል። የስድስቱን አምፔር ደምረህ ፓወር ሰፕላይ ግዛ እንጂ የስልክ ቻርጀር ይዘህ እንዳትመጣ!

ጥ፦ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የማሽኑን ሰርቮ ሞተር በአርዱይኖ ማዞር ይቻላል?

መ፦ እሱ ሌላ ነገር ነው ወንድሜ። የፋብሪካው ሰርቮ የራሱ ድራይቭ (ሞተሩን የሚያንቀሳቅስ መቆጣጠሪያ) እና ኢንኮደር (የት እንደደረሰ የሚያነብ ዕቃ) አለው፣ እኛ የምናወራው የ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመጣ) ፐልስ አያዞረውም። የፐልስና የአቅጣጫ ግቤት ያለው ድራይቭ ከሆነ በማይክሮኮንትሮለር ማዘዝ ይቻላል፤ ሰው አጠገቡ የሚቆምበትን ማሽን ግን ለፒኤልሲው (ለፋብሪካው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) እና ለድንገተኛ ማቆሚያው ተውለት።

ጥ፦ ኦሪጅናል ያልሆነ ኡኖ ችግር አለው?

መ፦ ለዚህ ሥራ የለውም። ኮምፒውተሩ አላየውም ካለህ የሲኤች340 (የቦርዱ ዩኤስቢ ቺፕ) ድራይቨር ኮምፒውተሩ ላይ ጫንለት። ያም ካልሆነ ገመዱን ቀይረው፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ሞልቷል።