መኪና ለበጎ አድራጎት መስጠት ላሰባችሁ፦ ጠይቁኝ

ደሴ ነው የምኖረው። በአንድ በጎ አድራጎት ማኅበር የንብረት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ መኪና ስንረከብም ስንሸጥም ከፈራሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰሞኑን «የቤታችንን ትልቁን መኪና ለእርዳታ ልንሰጥ ነው» የሚል ሰው ስለበዛብኝ ጥያቄያችሁን ሰብስቤ እዚሁ ልመልስ።

«አባታችን መንዳት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ቪኤይት ላንድክሩዘራቸው ግቢ ቆሟል። ወረኢሉ በኩል ላለ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ቢሆን ብለን ነበር።»

ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ፤ መኪናው ግን ለዚያ ሥራ አይሆንም። በየወረዳው አምቡላንስ ሆኖ የምታዩት ሃርድቶፕ የሚባለው የላንድክሩዘር ዓይነት ነው። ኋላው ረጅምና ባዶ ስለሆነ ቃሬዛ ከነአስታማሚው ይገባበታል። የእናንተው በቆዳ ወንበር የተሞላ ነው፤ ወንበሩን ነቅሎ አልጋ መግጠም ራሱን የቻለ ወጪ አለው። ነዳጁም አለ። ቤንዚን ከሆነ በመቶ ኪሎ ሜትር 15 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን የሐረጎ ዳገት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ያወጣችኋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሜዳ መንገድ ከየት ይመጣል?

በቅሎ የሚሰጥ ሰው ገብሷንም ያስባል። የነዳጅና የሹፌር በጀት ለሌለው ጤና ጣቢያ ይህን መኪና መስጠት ዕዳ ማሸከም ነው። እኔ ብሆን ሸጬ ገንዘቡን እሰጥ ነበር። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ደህና የተያዘ ላንድክሩዘር ፈላጊ አያጣም። በገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ጤና ጣቢያውን ራሱን ጠይቁት። አንዳንዴ የሚፈልጉት የማዋለጃ አልጋና ጄኔሬተር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፈራሚው አባታችሁ ናቸው፤ «እኛ ልጆቹ ወስነናል» ማለት አይበቃም። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት ከሆነ የእናታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል።

«ታዲያ መኪናውን ራሱን መስጠት የሚጠቅመው መቼ ነው?»

ተቀባዩ ሹፌርና የነዳጅ በጀት ካለው፣ ሥራውም ሰው ማመላለስ ከሆነ። ሐኪሞችን ይዞ አቀስታ ወይም መካነ ሰላም ለሚመላለስ ድርጅት እንዲህ ያለ መኪና ወርቅ ነው። የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ወላጅ አልባ ሕፃናት ለሚያሳድግ አንድ ድርጅት እንዲህ ያለ መኪና ተሰጠ፤ ርክክቡ ላይ ተጨበጨበ፣ ፎቶም ተነሣ። ከዓመት በኋላ ስሄድ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ጎማው አልቋል፤ ለመግዣው የሚሆነው ብር ደግሞ የልጆቹ የጤፍ ብር ነው። እንዳይሸጡት የስጦታ ውሉ ላይ «አይሸጥም፣ አይለወጥም» ተብሎ ተጽፏል። እባካችሁ ይህን ዓረፍተ ነገር አታስገቡ። ይልቅ «ድርጅቱ ካልተጠቀመበት ሸጦ ገንዘቡን ለዓላማው ያውል» በሉ። ከቻላችሁ አዲስ ጎማና የአንድ ዓመት ኢንሹራንስ አብራችሁ ስጡ።

«የምኖረው ጅዳ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ነው የመጣሁት። ቁልፉንና ሊብሬውን ለማኅበሩ አስረክቤ ብሄድስ?»

አይሆንም ወንድሜ። ሊብሬው ላይ ስምህ እስካለ ድረስ በሕግ ባለቤቱ አንተ ነህ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። ኩታበር ላይ ሰው ቢገጭ ጥሪው የሚመጣው ላንተ ነው። «ውክልና እሰጣለሁ» የሚሉም አሉ። ውክልና ስም አያዛውርም፤ ወካዩ ሲሞትም ይቀራል፤ ያኔ ማኅበሩ ከወራሾችህ ጋር ሲካሰስ ሊኖር ነው። ሁለት ሳምንት ካለህ ውልና ማስረጃ ሄደህ የስጦታ ውሉን ፈርም፣ ስሙን አዛውር። ከዚያ በፊት ቦሎው የታደሰ፣ መኪናውም ከባንክ ዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን አረጋግጥ።

«የእኔ ያለ ቀረጥ የገባ ነው።»

እንግዲያው መጀመሪያ ጉምሩክ። ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል። ማን እንደሚከፍል ሳትነጋገሩ ቃል አትግቡ፤ የቀረጡን ልክ ሲሰሙ ስጦታውን የመለሱ አውቃለሁ።

«ነጋዴ ነኝ። ከግብር ይቀነስልኛል?»

በ2008 ዓ.ም በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢዎ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ይያዛል። ድርጅቱ ሕጋዊ ምዝገባ ያለው፣ ደረሰኝም የሚሰጥ ይሁን። የደመወዝ ሠራተኛን ግን ይህ አይመለከተውም።

«ለመስጂዳችን ወቅፍ ባደርገውስ?»

ወቅፍ፣ ማለትም ለአላህ ተብሎ ለዘለቄታው የተተወ ንብረት፣ ከተባለ በኋላ እንደ ተራ ንብረት መሸጥ ያስቸግራል። መኪና ደግሞ እንደ መሬት አይደለም፤ በየዓመቱ ያረጃል። ዑለማዎቹን ጠይቃችሁ ወስኑ። ብዙ ጊዜ በሰደቃ መልክ ሰጥቶ «ሽጣችሁ ተጠቀሙበት» ማለት ይቀላል።

«ለሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) መስጠት ይቻላል?»

ቅሬያችሁ በራሱ ስም ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ካለው፣ አዎ። ከሌለው ሊብሬው በሊቀመንበሩ ስም ይወጣል፤ እሳቸው አላህ ወይም እግዜር የጠራቸው ዕለት መኪናው የልጆቻቸው ውርስ ሆኖ ያርፈዋል። ደግሞስ ቅሬ በቪኤይት ምን ያደርጋል? ሬሳ አይጭኑበት። ሸጣችሁ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ግዙ፤ ቀሪው ባንክ ይግባ።

«ስማችን በሩ ላይ ይጻፍልን ብንልስ?»

ይጻፍላችሁ፣ ማን ይከለክላል። በተለጣፊ ይሁን እንጂ፤ በቀለም ከሆነ ሲሸጡት የሚፋቅበት ወጪ አለው።