ስለ ጃፓን የሥራ ቦታና የማኅበረሰብ ጤና ጥናቶች ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የሙያ ጤና ትምህርቴን የተከታተልኩት ጃፓን ስለሆነ፣ ከሥራ ብዛት ስለሚመጣው ሞት፣ ስለ ካሮሺ፣ የጻፍኩትን አንብባችሁ ብዙ ጥያቄ ልካችኋል። የማውቀውን ልመልስ። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የግል ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ፤ በጽሑፍ ምርመራ አይደረግም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጃፓን ውስጥ ሠራተኛ ሁሉ በየዓመቱ ይመረመራል ይባላል። እውነት ነው? ወጪውን ማን ይችላል?

እውነት ነው። በ1972 የወጣው የሥራ ደህንነትና ጤንነት ሕግ ግዴታውን የጣለው አሠሪው ላይ ነው፤ ወጪውም የእሱ ነው። የሌሊት ሥራ የሚሠሩ ደግሞ በየ6 ወሩ ይመረመራሉ። 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሥራ ቦታ ሐኪም መሾም አለበት፤ ቁጥሩ 1,000 ሲደርስ ሐኪሙ የሙሉ ጊዜ ይሆናል። የዚህ ሐኪም ዋና ሥራ ማከም አይደለም። የሥራ ቦታውን እየዞረ ያያል፣ ጭሱን፣ ድምፁን፣ ሙቀቱን ይመለከታል፣ “ይህ ሰው ከሌሊት ፈረቃ ይነሳ” ብሎ ለአሠሪው ያሳስባል። እኔ ከምርመራው ይልቅ ይህን መዞሩን እወዳለሁ። ደም ቀድቶ ውጤት መስጠት ብቻውን ሠራተኛውን ያሳመመውን ነገር አያሳይም።

ጥያቄ (የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)፦ ማሽኑን የምናጸዳው በቲነርና በቤንዚን ነው። ሽታው መጀመሪያ ራስ ያዞር ነበር፤ አሁን ለምደነዋል። ጉዳት አለው?

ወንድሜ፣ ያንተን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ጃፓን ውስጥ በቅርብ ዘመን ከተሠሩት ጥናቶች እጅግ የሚያሳዝነው ያንተን ሙያ የሚመለከት ነውና።

ኦሳካ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር። ሥራው ዋናው ህትመት ከመጀመሩ በፊት የሚወጣውን የሙከራ ህትመት ማተም ነው። የሙከራ ህትመት የሚታተመው ጥቂት ቅጠል ስለሆነ ቀለሙ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ማሽኑም በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይጸዳል። ሠራተኞቹ ጨርቅ በሶልቬንት፣ ማለትም ቀለም በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ እየነከሩ ይጠርጉ ነበር። ክፍሉ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፣ የአየር መውጫውም በቂ አልነበረም። የሶልቬንቱ ተን ከአየር ስለሚከብድ ቀኑን ሙሉ ሲተነፍሱት ይውላሉ።

ከዚያ ወጣቶቹ በሐሞት ቱቦ ካንሰር መታመም ጀመሩ። ይህ ካንሰር በብዛት የሚታየው ዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ነው። እነዚህ ግን ሲታወቅባቸው ከ25 እስከ 45 ዓመት ነበሩ። እያንዳንዳቸው በየሆስፒታላቸው ሲታከሙ ሐኪሙ የሚያየው አንድ ዕድለ ቢስ ወጣት ነው፤ ሁሉም ከአንድ ክፍል እንደመጡ የሚያውቅ አልነበረም። ነገሩ በ2012 ይፋ የወጣው በሥራና አካባቢ ጤና ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ሺንጂ ኩማጋይ ታማሚዎቹን በሥራ ቦታቸው ሰብስበው ስለቆጠሩ ነው። በ2013 የታተመው የመጀመሪያው ጥናት 11 ሰዎች ይዟል፤ በኋላ ቁጥሩ 17 ደርሷል። በዋናነት የተጠረጠረው 1,2-ዳይክሎሮፕሮፔን የተባለ ኬሚካል ነው። በዚያን ጊዜ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ሶልቬንቶች ዝርዝር ውጭ ነበር። በ2014 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ በአንደኛው ምድብ አስገባው። ማተሚያ ቤቱም በሕግ ከተጠየቀበት ነገር አንዱ ያንኑ ከላይ የነገርኳችሁን የሥራ ቦታ ሐኪም አለመሾሙ ነው።

አንተ የምትጠቀምበት ቲነር ያው ኬሚካል ነው ማለቴ አይደለም። ቤንዚን ግን በውስጡ የደም ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገር ስላለው ለማጽጃነት ጨርሶ አትጠቀሙበት። ሽታውን መልመድም ጉዳቱን አያስቀርም፤ የደከመው አፍንጫ ነው። በር ብቻ ሳይሆን ከበሩ ትይዩ ያለውን መስኮትም ክፈቱ፣ አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ አስገጥሙ። የሶልቬንቱን ዕቃ ሁልጊዜ ክደኑ፤ የተነከረውን ጨርቅ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ጣሉ። ተራ የጨርቅ ማስክ ተን አያስቀርም። ስለ ጓንትም ልጨምር፦ በ2015 መጨረሻ ፉኩይ በሚባለው ክፍለ ግዛት የአንድ ኬሚካል ፋብሪካ ሠራተኞች የፊኛ ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ፤ ሲመረመር ኦርቶ-ቶሉይዲን የተባለው ኬሚካል በብዛት የገባው በቆዳቸው በኩል ነው። ውስጡ የተበከለ ጓንት ከባዶ እጅ ላይሻል ይችላልና፣ ኬሚካል የሚከላከለውን ዓይነት ያዙ፣ ሲበከልም ቀይሩት።

ጥያቄ (ነርስ፣ ሐዋሳ)፦ ካሮሺ የሕክምና ሐቅ ነው ወይስ የጋዜጣ ወሬ? ሐኪሞቹና ነርሶቹስ እንዴት ናቸው?

እህቴ፣ ሰውየው የሚሞተው በስትሮክ ወይም በልብ ድካም ነው፤ አለዚያም ራሱን ያጠፋል። ካሮሺ የሚያሰኘው ከበስተጀርባው ያለው የሥራ ጫና ነው። ቀድመው ከተመዘገቡት ውስጥ በ1969 በጋዜጣ ማከፋፈያ ክፍል ይሠራ የነበረ የ29 ዓመት ወጣት ይገኛል፤ በስትሮክ ነው የሞተው። ዛሬ ለካሣ የሚታየው መስመር እንዲህ ነው፦ ከሕመሙ በፊት በነበረው አንድ ወር 100 ሰዓት ገደማ ትርፍ ሥራ፣ ወይም ከ2 እስከ 6 ወር በአማካይ ከ80 ሰዓት በላይ። በ2021 መመዘኛው ሲሻሻል ሰዓቱ ትንሽ ቢጎድልም የተዛባ ፈረቃና የእረፍት እጦት አብረው እንዲታዩ ተደረገ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይበልጣል።

ሐኪሞችን በተመለከተ ግን ልቤ አይረጋም። ለሌላው ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ጣሪያ በ2019 ሲጀምር ለሐኪሞች እስከ ሚያዝያ 2024 ተራዘመ። ጣሪያው ሲመጣም በዓመት 960 ሰዓት ሆኖ፣ ለድንገተኛ ሕክምናና ለሥልጠና ላሉት እስከ 1,860 ተፈቀደ። ለ12 ወር ስታካፍዪው በወር 155 ሰዓት ነው፤ የካሮሺ መስመር ከተባለው 80 ሰዓት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ነርሶችም በሁለት ፈረቃ በሚሠራባቸው ብዙ ሆስፒታሎች የሌሊቱ ተራ 16 ሰዓት ገደማ ነው። የእኛን አገር ካነሣን ደግሞ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ትርፍ ሰዓትን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ይገድባል።

ጥያቄ፦ ወገብ በሜትር ለክተው ይቀጣሉ የሚባለውስ?

ሠራተኛ አይቀጣም። ከ2008 ጀምሮ ዕድሜው ከ40 እስከ 74 የሆነ ሰው ወገቡ ይለካል፤ ወንድ 85፣ ሴት 90 ሴንቲ ሜትር ከደረሱና ግፊት ወይም ስኳር የመሰለ ነገር ካለ ምክር ይሰጣቸዋል። ፕሮግራሙ ይሠራል ወይ ብለው የጠየቁት ራሳቸው ጃፓኖች ናቸው። ከ74 ሺህ በላይ ወንዶች ያሉበት በ2020 የወጣ ጥናት ከ85 ትንሽ በታች የሆኑትን ከትንሽ በላይ ከሆኑት ጋር አነጻጸረ። በአንድ ዓመት የታየው የክብደት ልዩነት 300 ግራም እንኳ አይሞላም፤ በደም ግፊት፣ በስኳርና በኮሌስትሮል ላይ ለውጥ አልታየም። ምክሩ ከተፈቀደላቸው ውስጥ የተሳተፉትም ጥቂቶች ነበሩ።

ጥያቄ (የከባድ መኪና ሹፌር፣ የጅቡቲ መስመር)፦ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል። ሌሊት ታንኮራፋለህ ትለኛለች ባለቤቴ።

የየካቲት 26፣ 2003ን ነገር ልንገርህ። ኦካያማ አካባቢ የፈጣን ባቡር ነጂ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚበር ባቡር ላይ 8 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ወሰደው። ባቡሩን ያቆመው አውቶማቲክ መቆጣጠሪያው ነው። ሲመረመር በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ተገኘበት፤ ከዚያ ወዲህ ነጂዎችን ለዚህ መመርመር ተስፋፋ። ያንተ መኪና ራሱን አያቆምምና ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ። ባለቤትህንም ይዘሃት ሂድ፤ ትንፋሽህ ሲቆም የምታየው እሷ ናት። ሕክምና አለው።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ሙቀትስ? እዚህ በበጋ ጣሪያ ላይ ነው የምንሠራው።

ጃፓን ከሰኔ 2025 ጀምሮ ሙቀቱ 31 ዲግሪ በደረሰበት ቦታ ያለማቋረጥ ከ1 ሰዓት ወይም በቀን ከ4 ሰዓት በላይ የሚያሠራ ሁሉ የታመመ ለማን እንደሚነገር፣ እንዴት እንደሚቀዘቅዝና ወዴት እንደሚወሰድ አስቀድሞ ወስኖ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅ አስገድዳለች። እናንተ ዘንድ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከተንገዳገደ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላልታችሁ ውኃ እያፈሰሳችሁ አናፍሱት፣ አምቡላንስ ጥሩ። ብቻውን “ትንሽ ይረፍ” ብላችሁ አትተዉት።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ እናቴ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። ስለ ብቸኝነት ጃፓኖች ምን አጥንተዋል?

ብዙ። አይቺ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ታኬቶዮ የምትባል ከተማ ከ2007 ጀምሮ ለአረጋውያን መሰብሰቢያ ቤቶች ከፈተች፤ ሻይ፣ ጨዋታ፣ የእጅ ሥራ። ተሳታፊዎቹ በአምስት ዓመት ውስጥ የሰው እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ዕድል በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። “ጤነኛው ነዋ የሚሄደው” ትዪ ይሆናል፤ ተመራማሪዎቹም ያንኑ ስለጠረጠሩ ቤታቸው ለመሰብሰቢያው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አስገብተው አስልተዋል። ከዚህም የሚገርመኝ ሱናሚ በመታት በኢዋኑማ ከተማ የተሠራው ጥናት ነው። የአረጋውያኑ መረጃ የተሰበሰበው ከመጋቢት 2011ዱ ሱናሚ 7 ወር ቀደም ብሎ ነበር፤ ስለዚህ በፊትና በኋላ ማወዳደር ተቻለ። ቤታቸው የፈረሰባቸው የማሰብ አቅማቸው ይበልጥ አሽቆለቆለ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር አብረው በቡድን የሰፈሩት ግን፣ በዕጣ ለብቻቸው ከተበተኑት ይልቅ ማኅበራዊ ኑሯቸውን ማቆየት ችለዋል። እናትሽን ቤት ስትቀይሪላት የቤቱን ስፋት ብቻ አትዪ፤ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ማኅበሯና ቡና የምትጠራቸው ሴቶች በእግሯ የምትደርስበት ይሁን።

ጥያቄ (የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ዱከም)፦ እኛ ዘንድ ካይዘን አለ፤ ሰሌዳው ተለጥፏል። ጤናን ይመለከታል?

መመልከት አለበት። ካይዘን ማለት ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ሲቋቋም ትኩረቱ ምርታማነት ላይ ነበር፤ ሰሌዳዎቹም ስለ ብክነትና ስለ ጥራት ነው የሚያወሩት። ጃፓን ውስጥ ግን 50 ሠራተኛ ያለበት ቦታ የጤና ኮሚቴ በየወሩ መሰብሰብ አለበት፤ ከሰብሳቢው በቀር የአባላቱ ግማሽ በሠራተኛው በኩል የሚጠቆሙ ናቸው። አደጋ ለጥቂት ሲያመልጥም ይመዘገባል፦ ዘይት ላይ ተንሸራቶ ሳይወድቅ የቀረ፣ እጁን ከማሽን በፍጥነት የሳበ። ሰሌዳችሁ ላይ ለዚህ አንድ ዓምድ አስጨምሩ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉ፣ የሰውየውን ስም ግን አትጻፉ። ስም ከተጻፈ በሁለተኛው ሳምንት ማንም አይመዘግብም።