ኮኩ ቅጠሉን ሲያራግፍ ለምልሞ የሚቀረው ቁጥቋጦ

ጥያቄ፦ ከሰበታ ከተማ ወጣ ብሎ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። የጓሮዬ የኮክ ዛፎች በበጋ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ በአንዳንድ ቅርንጫፎች ላይ ለምለም ቁጥቋጦ ይቀራል። መጀመሪያ ደግ ምልክት መስሎኝ ተውኩት። አሁን የእነዚያ ቅርንጫፎች ጫፍ እየደረቀ፣ ፍሬውም እያነሰ ነው። ዓምና ቁጥቋጦውን በማጭድ ቆርጬ ለዛፉ ፍግ ባደርግለትም ተመልሶ በቀለ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ያዩት ቁጥቋጦ የኮኩ አካል አይደለም፤ ተቀጽላ ነው። መሬት የሚነካ ሥር የለውም። አረንጓዴ ስለሆነ ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ራሱ ያዘጋጃል፤ ውሃውንና ማዕድኑን ግን የሚያገኘው ከዛፉ ነው። ያደረጉለት ፍግ ከንቱ አልቀረም፤ ይሁን እንጂ ተቀጽላውም ከዚያው ተካፍሏል።

ጉዳቱ የሚከፋው በበጋ ነው። ውሃ ሲያጥር ጤነኛ ዛፍ በቅጠሎቹ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየዘጋ እርጥበቱን ይቆጥባል። ተቀጽላ ይህን ቁጠባ አያውቅም፤ ቅጠሉ ውሃ ማትነኑን ስለሚቀጥል ከዛፉ ያለማቋረጥ ይስባል። ስለዚህ ከተጣበቀበት ቦታ ወዲያ ያለው የቅርንጫፉ ክፍል ይጠማል፤ ቅጠሉ ያንሳል፣ ፍሬው ይቀጭጫል፣ በመጨረሻም ጫፉ ይደርቃል። አንድ ሁለት ተቀጽላ ብርቱ ዛፍ አይገድልም። ብዛት ያለው ተቀጽላ ከድርቅ ጋር ሲገናኝ ግን ዛፉን ያዳክመዋል፤ የተዳከመውን ደግሞ ግንድ ቦርቧሪ ነፍሳትና ሻጋታ ይጨርሱታል።

በማጭድ የቆረጡት ለምን እንደበቀለ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ተቀጽላ ያለበትን ቅርንጫፍ ቆርጠው ያበጠውን ቦታ በቁመቱ ይሰንጥቁት። የተቀጽላው መምጠጫ እንደ ሽብልቅ ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ያገኙታል። ማጭድ የሚደርሰው ከላይ ያለውን ቅጠልና ግንድ ብቻ ነው፤ ውስጥ የቀረው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ስለዚህ የሚቆረጠው የተያዘው የዛፉ ቅርንጫፍ ራሱ ነው። ከተጣበቀበት ቦታ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ግንዱ ቀረብ ብለው ቅርንጫፉን በመጋዝ ይቁረጡ። በገጀራ አይምቱት፤ ቅርፊቱን ይተረትረዋል። ቅርንጫፉ ወፈር ካለ መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ይጋዙ፣ ከዚያ ከላይ ይጨርሱ፤ ያለበለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ይዞ ይወርዳል። ጊዜው አሁን ነው። ኮኩ እርቃኑን ስለሆነ የትኛው ቅርንጫፍ እንደተያዘ ከሩቅ ይለያል። ዋናው ነገር የተቀጽላው ፍሬ ሳይበስል መቅደም ነው።

ፍሬውን ከቻሉ በጣትዎ ጨፍልቀው ይሞክሩት፤ እንደ ሙጫ ይለጠፍብዎታል። ወፎች ይህን ፍሬ ይበሉና ዘሩን ከኩሳቸው ጋር በቅርንጫፍ ላይ ይጥሉታል፣ ወይም ምንቃራቸውን ሲጠርጉ ይለጥፉታል። አፈር አያስፈልገውም፤ ቅርፊቱ ላይ በቅሎ እዚያው ሥር ይሰዳል። መሬት የወደቀው ይሞታል፤ ስለዚህ የቆረጡትን ከዛፎቹ አርቀው ይከምሩ ወይም ያቃጥሉት፤ ፍሬ ያንጠለጠለውን ወፍ እንዳያገኘው አያዘግዩት።

ተቀጽላው ዋናው ግንድ ላይ ከተጣበቀ ግን ግንዱን መቁረጥ ዛፉን ማጥፋት ነው። ተቀጽላውን ብቻ ከግንዱ እኩል አድርገው ይከርክሙና ቦታውን ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ላስቲክ ጠቅልለው በገመድ ይሰሩት። ብርሃን ያጣ ተቀጽላ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ አንዳንዴ እስከ 2 ዓመት ይፈጃል። ላስቲኩ ሲቀደድ ይቀይሩት፤ ገመዱም ግንዱን እንዳያንቀው እያላሉ ይሰሩት። ናፍጣም ሆነ የአረም መድኃኒት እንዳይቀቡት እለምንዎታለሁ፤ ውስጡ ከዛፉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኮኩንም ይጎዱታል።

ከመጋዙ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ። በአጥርዎ ዳር የቆመ ግራር ካለ ቀና ብለው ይመልከቱት። በአካባቢያችን ብቻውን የቆመ ትልቅ ግራር ለወፍ ማረፊያ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ተቀጽላ ይሸከማል፤ ፍሬው ወደ ኮክዎ የሚሻገረውም ከዚያ ነው። ግራሩን እንዲያጠፉ አልመክርም። ተቀጽላው ራሱ አበባው ለወፎች ምግብ ነው፤ ለባህል መድኃኒት የሚፈልገውም ሰው አለ። ወደ ኮኩ ያዘነበሉትን የተያዙ ቅርንጫፎች ብቻ ያንሱለት፤ የጎረቤትዎ ከሆነም አነጋግረው አብራችሁ ሥሩት። ከዚያ በየዓመቱ ኮኩ ቅጠሉን ሲያራግፍ አንድ ጠዋት ሰጥተው ዛፎቹን ይዙሩ፤ ገና ጣት የማያህለውን ለጋ ተቀጽላ ከቀጭን ቅርንጫፉ ጋር በመቀስ ይጨርሱታል።