ተሸናፊ ይከፍላል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ማራኪ ሰፈር የፕሌይስቴሽን ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ዓምዱን ሲሰጡኝ ስለ ጨዋታና ስለ ስልክ ብቻ እንድመልስ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ስለ መብራትም ስለ ፖለቲካም ይመጣል። የመጣውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ የሚሄደው ጌም ቤት ነው። ለዳቦ የሰጠሁት ብር እዚያ ያልቃል። አባቱ “እግሩን እሰብረዋለሁ” ይላል፤ እኔ ደግሞ ሱስ እንዳይሆንበት ፈራሁ። እርስዎ እንጀራዎ ከዚሁ ንግድ ስለሆነ እውነቱን ይነግሩኛል ብዬ ባላምንም ልጠይቅዎት።
የልጅ እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ መጠርጠርሽ ደግ ነው። የልጅሽ ብር የሚገባው እንደ እኔ ባለ ሰው ኪስ ነውና የምልሽን ሁሉ ይህን እያሰብሽ አንብቢው። አባቱ ግን እግር መስበሩን ይተወው።

እናቶች በር ላይ ቆመው ይጣራሉ እንጂ ገብተው ስለማያዩ፣ ውስጡ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ሁለት ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ አርሴናልን፣ ሌላው ማንቸስተርን ይመርጣል። እኔ ቤት አንዱ አጋማሽ አራት ደቂቃ ስለሆነ፣ ጎሉ እየተደጋገመ ሲታይ የሚጠፋው ጊዜ ተጨምሮ ጨዋታው አሥር ደቂቃ ግድም ይፈጃል። የተሸነፈው ከፍሎ ይነሳል፣ ባለ ተራው ይቀመጣል። ከኋላ የቆሙት ደግሞ ሁሉም አሠልጣኝ ናቸው፤ “መሮጫውን ልቀቀው፣ ተጫዋቹ ደክሟል!” እያሉ ይጮኻሉ። በእጅ የሚያዘው መጫወቻ፣ ጆይስቲኬ፣ ቀድሞ የሚሞተው በግራ አውራ ጣት በኩል ነው፤ ላስቲኩ ተልጦ ፕላስቲኩ እስኪታይ ድረስ ያሹታል።

ይህን ጨዋታ የምወደው ማለቂያ ስላለው ነው። ልጁ ሲሸነፍ ያልቃል፣ ብሩ ሲጨርስ ያልቃል፣ መብራት ሲሄድማ የሁላችንም ያልቃል። የማልወደው ስልክ ላይ በነጻ የሚጫነውን ነው። ካንዲ ክራሽን እንኳ ብትወስጂ አምስት ነፍስ፣ ማለትም አምስት የመሸነፍ ዕድል፣ ይሰጥሻል፤ ሲያልቁብሽ አንዷ እስክትመለስ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቂ፣ ካልሆነም ክፈዪ ይልሻል። ልጁ ምሳውን እየበላም ልቡ ያቺን ሠላሳ ደቂቃ ይቆጥራል። የዚያ ጨዋታ ባለቤት ልጅሽ ተነስቶ እንዲሄድበት አይፈልግም። እኔ ግን ወረፋ ስላለብኝ ቶሎ እንዲነሳልኝ እፈልጋለሁ፤ ጥቅሜ ከጥቅምሽ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው።

ሱስን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ የጨዋታ ሱስን አካቶታል። መለኪያው ግን ሰዓት መቁጠር አይደለም። ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከትምህርቱም ከሌላ ፍላጎቱም ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ እየራበው ወደ ቤቱ የሚሮጥ ልጅ ከዚህ አይቆጠርም።

የዳቦው ብር ነገር ግን አሳስቦኛል። ለጨዋታው ብቻ ከሆነ ያን ያህል ብር አይፈጅም። ልጆች እርስ በርስ የሚወራረዱባቸው ቤቶች አሉ፤ ከዚያ ወደ ቤቲንግ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው። እኔ ሲወራረድ ያገኘሁትን ልጅ ሳምንት አላስገባውም፤ እናቱ ብትለምነኝም አላስገባውም። አንቺም አንድ ቀን ሄደሽ ውስጥ ገብተሽ ተቀመጪ። ባለቤቱ ወንበር ካቀረበልሽ ቤቱ ደህና ነው። “ምን ፈልገሽ ነው?” ካለሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ የሰፈራችን መብራት ግን ዛሬም ይጠፋል። ባለሥልጣን ብጠይቅ ስብከት ነው የሚሰጠኝ። አንቺ መብራት በሄደ ቁጥር ገቢ የሚቀርብሽ ሰው ነሽና ምን ትያለሽ?
ጡረተኛ፣ ከቀበሌ 18

መልስ፦ ጋሼ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እልል ብያለሁ። 5,150 ሜጋዋት ቀልድ አይደለም፤ ዓባይም የሚወጣው ከእኛው ጣና ነው። ነገር ግን ማመንጨት አንድ ሥራ፣ ቤት ድረስ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ኃይሉ በከፍተኛ መስመር ይመጣል፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ዝቅ ይላል፣ መጨረሻ ላይ እንጨት ምሰሶ ላይ በተሰቀለው የሰፈር ትራንስፎርመር በኩል ያልፋል። ያ ትራንስፎርመር ሲሰቀል በሰፈሩ ስንት አባወራ ነበር? ዛሬስ ስንቱ በኤሌክትሪክ ይጋግራል? አንድ የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የእኔ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ፕሌይስቴሽን ተደምረው የዚያን አሥረኛ እጅ አይሞሉም። ጎረቤቶቼ ሁሉ ምጣድ የሚጥዱበትን ጠዋት እኔ በድምፁ አውቀዋለሁ፤ የመብራቱን ከፍና ዝቅ የሚያስተካክለው ስታቢላይዘሬ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል።

ስለዚህ “ግድቡ ውሸት ነው” የሚለኝንም፣ “ግድብ ተሠርቶልሽ ምን ትነጫነጫለሽ” የሚለኝንም አልሰማም። ስብሰባ ሲጠሩዎት ስለ ሜጋዋት አይጠይቁ፤ “የእኛ ሰፈር ትራንስፎርመር መቼ ይቀየራል?” ብለው ቀን ያስቆርጡ። እስከዚያው መብራት ሲጠፋ የዕቃዎን ሶኬት ይንቀሉ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። ዕቃ የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ፌስቡክ ላይ በወጣ ነገር ተጣልተን አንነጋገርም። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ እናታችንም በአንድ ማዕድ ልታስቀምጠን ነው። ፖለቲካ እንዳይነሳ ምን ላድርግ?
ታናሽ ወንድም፣ ከአራዳ

መልስ፦ ይነሳ እንጂ! የጤፍ ዋጋ ፖለቲካ ነው፣ የመንገዱ ሰላም ፖለቲካ ነው፤ ይህን ትታችሁ ስለ ምን ልታወሩ ነው? እንዳይነሳ የምለው ስልኩ ነው። ወንድምህ “ይኸው ተመልከት” ብሎ ካወጣው፣ “ይህን በዓይንህ ያየኸው ነው ወይስ የተላከልህ?” በለው፤ አንተም የራስህን በዚያው ሚዛን ስፈር። ፎቶ ከሆነ ጉግል ሌንስ ላይ አድርጋችሁ አብራችሁ ፈልጉት። የሌላ ዓመት፣ አንዳንዴም የሌላ አገር ፎቶ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ያኔ ሁለታችሁም በአንድ ሰው ትናደዳላችሁ፣ እሱም ወንድም ለወንድም ከመናደድ ይሻላል።

ታላቅህ ነውና ቀድመህ ደውልለት። ግን ከጥር 10 በፊት ይሁን፤ በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ በዚያ እልልታና ከበሮ መካከል ይቅርታህ አይሰማም።

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽን 5 ለምን አያስገቡም? ፊፋ የሚባለው የኳስ ጨዋታስ ቀረ የሚሉት እውነት ነው? ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይጫወታሉ?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

መልስ፦ ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የወጣው፤ በአንዱ ዋጋ ግን ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ከአንድ በላይ እገዛለሁ። ምስሉ ጠርቶ የተጫዋቹ ላብ ጠብ ሲል ቢታይ ለወረፋው ምን ይጨምርልኛል?

ጨዋታው አልቀረም። ሠሪው ኩባንያ ኢኤና ስሙን ያዋሰው የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ስለተለያዩ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሎ ይወጣል።

እኔ ኳሱን አልችልበትም። ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ የምጫወተው ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን የሚያስደረድረውን ቴትሪስ ነው፤ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሠራው። ማለቂያ የሌለው ጨዋታ አልወድም ብለሽ አልነበር ወይ እንዳትለኝ፤ ቴትሪስ ሳንቲም ሳይለምነኝ ጡቡን እስከ ጣሪያ ቆልሎ ያሸንፈኛል። ነጥቤን ግን ለደንበኞቼ አልናገርም።