የጀርባ መርፌ ሽባ ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 54 ዓመቴ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የብሽሽት ሄርኒያ ቀዶ ጥገና ይደረግልኛል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ማደንዘዣው በጀርባ መርፌ ይሰጥሃል ተብያለሁ፤ ሽባ ያደርጋል የሚሉኝ ሰዎች ግን አሉ። ሙሉ በሙሉ ተኝቼ ብሠራ አይሻልም?

መልስ፦ ከፍርሃቱ እንጀምር። በአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3ኛውና በ4ኛው መካከል ነው፤ እዚያ ያሉት ፈሳሽና የነርቭ ክሮች ብቻ ናቸው። ዘላቂ የነርቭ ጉዳት ፈጽሞ አይደርስም ባልልም እጅግ ብርቅ ነው። አንዱ ምክንያት በቦታው ደም መቋጠሩ ስለሆነ፣ እንደ ዋርፋሪን ወይም ክሎፒዶግረል ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።

ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ቡፒቫኬይን (የሚያደነዝዘው መድኃኒት) እንደተሰጠዎ እግርዎ ይሞቃል፣ ከዚያ ይከብዳል። በቀዶ ጥገናው ወቅት መነካካትና መጎተት ሊሰማዎ ይችላል፤ ሕመም ግን ሊሰማዎ አይገባም። ከወገብ በታች ያሉ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ግፊትዎ ይወርዳል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሽ ነው፤ እንደተሰማዎ ለሰመመን ባለሙያው ይንገሩት፣ ግፊቱን የሚመልስ መድኃኒት አጠገቡ አለ። ኢናላፕሪል ይህን መውረድ ስለሚያባብሰው ብዙዎቻችን ከቀዶ ጥገናው 24 ሰዓት ቀደም ብለን እናስቆማለን። ሌላውን የግፊት መድኃኒት አቴኖሎልን ግን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ስለዚህ የግፊት መድኃኒትን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ።

መተኛቱም ክፉ አይደለም። ቀዶ ጥገናው በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ግድ ነው። በክፍት ቀዶ ጥገና ግን፣ በተለይ ለሚያጨስ ወይም የሳንባ ችግር ላለበት ሰው፣ እኔ የጀርባውን እመርጣለሁ።

ጾሙን ግን በሁለቱም ያክብሩ። ሰው ሲተኛ ጉሮሮን የሚጠብቀው ሳልና ትንታ ይጠፋል፤ በጨጓራ ያለው ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የጀርባው መርፌ በበቂ ካልሠራ ደግሞ እዚያው ሊያስተኙዎ ይችላሉ። ቀላል ምግብ ቀዶ ጥገናው ሊጀመር 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ሥጋና ቅባት የበዛበት 8 ሰዓት ሲቀረው ይቁም። ውሃ ወይም ወተት የሌለበት ሻይ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ ወተት ያለበት ሻይ እንደ ምግብ ይቆጠራል።

ለባለሙያው ሳይጠየቁም የሚነግሩት፦ በቤተሰብዎ በማደንዘዣ ክፉኛ የታመመ ሰው ካለ፣ የሚነቃነቅ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ማንኮራፋት፣ አለርጂ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን። ስምዎንና የሚሠራው ቀኝ ይሁን ግራ ደጋግመው ቢጠይቁዎ አይሰልቹ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ክፍል ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲጋደሙ የሚቀል ራስ ምታት ከመጣ ደውለው ይንገሩ፤ ሕክምና አለው። ሽንት እምቢ ካለ፣ ወይም ደንዝዞ የተመለሰው እግር እንደገና ከደከመ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።