መልስ፦ ሰልጣኝ ፓይለት መንገደኛ ጭኖ ያሳርፋል?

ወንድሜ፣ «ሰልጣኝ እንዴት መንገደኛ የጫነ ጄት ያሳርፋል?» ላልከው፣ ሰልጣኝ ሲባል ጀማሪ አይምሰልህ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2013 ሳን ፍራንሲስኮ ሲያርፍ የተከሰከሰውን የደቡብ ኮሪያውን አየር መንገድ የኤሲያናን በረራ 214፣ ቦይንግ 777 ጄት ውሰድ። ሲያሳርፈው የነበረው ሰልጣኝ ራሱ 10 ሺህ ሰዓት ገደማ የበረረ ካፒቴን ነው። በ777 ላይ ግን የበረረው ገና ከ50 ሰዓት በታች ነበር። አጠገቡ አሰልጣኝ ተቀምጧል። ጉዱ ምን መሰለህ? አሰልጣኙም በአሰልጣኝነት የመጀመሪያ በረራው ነበር!

አውቶትሮትሉ (የሞተሩን ኃይል በራሱ የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ፍጥነቱን የሚጠብቅላቸው መስሏቸዋል። እሱ ግን እነሱ ሳያውቁት ፍጥነት ወደማይጠብቅበት ሞድ (የአሠራር ሁኔታ) ገብቶ ዝም ብሏል። 137 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) መሆን የነበረበት ፍጥነት እስከ 103 ወረደ። ለሞተሩ ኃይል ሲሰጡት ረፍዷል፤ ጭራው ከማኮብኮቢያው በፊት ካለው የባሕር ግንብ ጋር ተላተመ። ከ307 ሰዎች 3ቱ ሞቱ።