ወንዝን ማጥናት ለሚፈልጉ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዲግሪዬን በባዮሎጂ እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ «የቦርከና ወንዝ ብክለት» የሚል ርዕስ ባቀርብ አማካሪዬ «ሰፊ ነው፣ አጥብበህ ና» አሉኝ። የመለኪያ መሣሪያም የለኝም። ከየት ልጀምር? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው፤ ያቀረቡት ርዕስ ነው፣ ጥያቄ ገና አልሆነም። እንዲህ ቢጠይቁ ግን ሥራ ይጀመራል፦ የፋብሪካ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች የሚኖሩት የወንዝ ነፍሳት ከላይኞቹ በምን ይለያሉ? ስንት ኪሎ ሜትር ከወረደ በኋላስ ወንዙ ያገግማል? ይህ በአንድ በጋ ይመለሳል።

መሣሪያው ብዙ አያስጨንቅዎት። ፍሳሽ ቀኑን ሙሉ እኩል አይወርድም፤ ረፋድ ላይ በጠርሙስ የተቀዳ ውኃ ሌሊት የተለቀቀውን አያሳይም። ድንጋይ ሥር ለሳምንታትና ለወራት የሚኖሩት ነፍሳት ግን የተለቀቀው ሁሉ አልፎባቸዋል። ኦክስጅን ሲያጥር ሜይፍላይ የሚባሉት ቀድመው ይጠፋሉ፤ ቀያዮቹ የካይሮኖሚድ (ትንኝ መሰል ነፍሳት) እጮች ይበዛሉ።

ለዚህ የሚያስፈልግዎ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር (500 ማይክሮን) የሆነ ባለ እጀታ መረብ ነው። በተለመደው ዘዴ ከአንድ ጣቢያ (ናሙና ከሚነሳበት የወንዙ ቦታ) 20 ንዑስ ናሙና ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ድምሩ 1.25 ካሬ ሜትር ይሆናል። አከፋፈሉ እንደ ወንዙ ወለል ነው፦ 60 በመቶው ድንጋይ ከሆነ 12ቱን ከድንጋይ፣ 25 በመቶው አሸዋ ከሆነ 5ቱን ከአሸዋ፣ የቀረውን 3 ከዕፅዋት ይወስዳሉ። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ፤ አለበለዚያ ራስዎ ያደፈረሱት ቀጥሎ የሚያነሱትን ናሙና ያበላሻል።

ብዙ ጽሑፎች የሚወድቁት በጣቢያ ምርጫ ነው። ላይኛው ጣቢያ ድንጋያማ፣ ታችኛው አሸዋማ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው ፍሳሹ ይሁን አሸዋው አይታወቅም። እንዲሁም ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ጣቢያ ብቻ ይዞ በእያንዳንዱ አሥር ጊዜ መረብ መጣል አሥር ናሙና አይሆንም፤ ያው አንድ ቦታ ነው። ከፍሳሹ በላይ ቢያንስ ሦስት፣ በታች ሦስት ይያዙ፤ ፍሳሽ የማይገባበት ጎረቤት ገባር ካለ ደግሞ ይጨምሩበት። ክረምቱ እንዳለቀ አይሩጡ። ጎርፍ ነፍሳቱን ጠርጎ ስለሚወስድ የተፈጥሮውን ጉዳት ከፋብሪካው ጋር ያምታታብዎታል። ውኃው እስኪጠራና ወለሉ እስኪረጋ ጥቂት ሳምንታት ይታገሡ።

ናሙናውን በአልኮል ያቆዩት፤ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ውኃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነው በማግስቱ ይቀይሩት። ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ነፍሳቱ ይበሰብሳሉ፣ ለመለየት የሚረዱት እግርና ጅራትም ይረግፋሉ። መለያውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፈው ውስጥ ይክተቱት። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል፣ ውጭ በማርከር የተጻፈውም ይጠፋል፤ የየት እንደሆነ የማይታወቅ ጠርሙስ ደግሞ ከመጣል በቀር ዋጋ የለውም።

ከውኃ ኬሚስትሪ ኦክስጅንን እዚያው ወንዙ ላይ ይለኩ፤ መለኪያውን ከትምህርት ክፍሉ ይዋሱ። በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ንጹሕ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 7.3 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ 9.1 ነው። መለኪያውን ለከፍታው ሳያስተካክሉ ኦክስጅኑን ውኃው ሊይዝ ከሚችለው በመቶኛ ካነበቡ ጤነኛውን ወንዝ በሽተኛ ያደርጉታል። በሁሉም ጣቢያ በተቀራራቢ ሰዓት ይለኩ፤ አልጌ ባለበት ወንዝ ከንጋት በፊትና ከሰዓት በኋላ ያለው ልዩነት ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር በውኃ ሳይንስ ለመማር የት ላመልክት? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለወንዝ ሥነ ምሕዳር በቀጥታ የሚሆነው በቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ፣ በኬንያው ኤገርተን ዩኒቨርሲቲና በኔዘርላንድሱ አይ ኤች ኢ ዴልፍት የጋራ ሆኖ የተቋቋመው የሊምኖሎጂና (የሐይቅና የወንዝ ጥናት) የረግረግ መሬት አስተዳደር ማስተርስ ነው። የውኃ ሀብት ምሕንድስና ከሆነ ፍላጎትዎ የቤልጅየሞቹን ሉቨንና ብራስልስ፣ እንዲሁም በአልጄሪያ ትሌምሰን ያለውን የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውኃና ኢነርጂ ተቋም ይዩ። የጀርመኑ የአካዳሚ ልውውጥ ድርጅት ዳድ (DAAD) ለልማት ነክ ትምህርቶች በሚሰጠው ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም በመርህ ደረጃ ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ዲግሪዎን ካገኙ ከቆዩ መጀመሪያ እዚህ ላይ ያስሉ።

ብዙ ቦታ የመግቢያና የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ለየብቻ ነው፤ የመግቢያ ደብዳቤው ሳይደርስ የስኮላርሺፑ ቀን ያልፋል። ትራንስክሪፕት ማረጋገጥ ይጓተታል፣ ከወራት በፊት ይጀምሩት። ለፕሮፌሰር ሲጽፉ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ለሃምሳ ሰው አንድ ደብዳቤ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ሥራቸውን አንብበው፣ ከዚያ የተነሣ ምን መጠየቅ እንደሚሹ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። አር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መረጃ መተንተን ከቻሉ ይህንንም ይጥቀሱ።

ጥያቄ፦ ጀርመን ሆኜ ዶክትሬት እየሠራሁ ነው። ከኢትዮጵያ ወንዞች የሰበሰብኳቸውን ነፍሳት ለዲኤንኤ ምርመራ ማምጣት እችላለሁ? (ከበርሊን)

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘረመል ሀብት ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው። አገር ውስጥ አብሮዎት የሚሠራ ተቋም ያስፈልግዎታል፤ ንግግሩን ናሙና ከመሰብሰብዎ በፊት ይጀምሩ። አልኮል ተቀጣጣይ ስለሆነ አየር መንገዱ የሚቀበለውን መጠንና አስተሻሸግ አስቀድመው ይጠይቁ። በመልክ የሚለዩትን እዚያው ጨርሰው የዲኤንኤውን ክፍል ብቻ ቢያመጡ ወረቀቱም ጭነቱም ይቀላል።